የተቆጣጣሪው ጥፍር

በእኛ ቤት ክርክር የሚያልቀው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ፍሪጁ የት ይቀመጥ፣ በዓመት ዕረፍት የማን ዘመድ ጋ እንሂድ፣ መጋረጃው ቡኒ ይሁን ወይስ ቢጫ፣ ከየትም ብንነሳ ማረፊያችን አንድ ነው። ባሌ ረጋ ብሎ ወደ ግድግዳው ይዞራል፣ ሚስማሩ ላይ የተንጠለጠለውን ጊታር ያያል፣ ከዚያ «እኔ ጊታሬን የሰቀልኩት ለማን ብዬ ነው?» ይላል። አለቀ። መጋረጃው ቡኒ ሆነ ማለት ነው።

ውሸት አይደለም። በወጣትነቱ ጊታር ይጫወት ነበር። እናቴ ቤት፣ መስኮቴ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ራሱ ለእኔ የደረሳትን አንዲት ዜማ ይጫወትልኛል። ይጀምራል፣ መሃል ላይ ሲደርስ ያቆማል፣ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል። እስኪመሽ እንዲሁ ነው። እኔም ከመጋረጃው ኋላ ቆሜ፣ «እንዴት ቢወደኝ ነው ዜማዋን ለመጨረስ ልቡ እምቢ ያለው?» እል ነበር። የወደደ ሰው ጆሮ እንዲህ ነው፣ የሰጡትን ሁሉ ይወስዳል።

ሊያገባኝ እንደሚፈልግ ለእናቴ በነገራት ቀን ከመቀመጫዋ ሳትነሳ፣ «ያን ነገር ተውና ውሰዳት» አለችው። ተወው። እኔን ወሰደ፣ ጊታሩን ሰቀለ፣ ከዚያ ወዲህ ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ የተሰቀለው እሱ ራሱ እንደሆነ ሲነግረን ኖረ። እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ «እናቷ እጄን ባትይዘኝ የት በደረስኩ» ይላል። እንግዳው ጊታሩን ያያል፣ እኔን ያያል፣ ከንፈሩን ይመጥጣል። እኔ አንገቴን ደፍቼ ሻይ እቀዳለሁ። ደግሞ እኔም አምነው ነበር፤ አንድ ትልቅ ሰው ከመንገዱ አስቀርቼ ያገባሁ ያህል ይሰማኝ ነበር። እንዲህ የሚሰማው ሰው ደግሞ መጋረጃ ለመምረጥ አፉን ሞልቶ አይናገርም።

ሁለታችንም የምንሠራው አንድ ሆስፒታል ወጥ ቤት ውስጥ ነው። እኔ ዳቦ ጋጋሪ ነኝ፣ እሱ የንጽሕና ተቆጣጣሪ። ጠዋት ጠዋት ምድጃ ከመለኮሱ በፊት ረጅሙ የብረት ጠረጴዛ ፊት ተሰልፈን እጃችንን እንዘረጋለን፤ እሱ በትንሽ ባትሪ እያበራ ጥፍራችንን ያያል። ከኋላው የሚጠራበት ስም «ባትሪው» ነው። ጥፍሩ ያደገ፣ ቀለም የተቀባ ወይም ሥሩ የቆሸሸ ሰው እዚያው ቆርጦና አጽድቶ ለአንድ ሳምንት ዕቃ ማጠቢያ ይወርዳል። ዕቃ ማጠቢያ ማለት ሰው የሚያስገባ ድስትና ቆዳ የሚልጥ ውሃ ነው። የሚለምነው ሰው ሲኖር ባሌ አንድ መልስ ብቻ አለው፤ «ምክንያት አይሰማም።»

እኔንም አልማረኝም። አንድ ቀን ጥፍሬ ሥር ሊጥ አግኝቶ፣ «እዚህ ባልና ሚስት የለም፤ ይውረዱ» አለኝ። አንቱታውን ልብ በሉልኝ። ብዙም አልተቀየምኩም፤ ከተጋባን ጥቂት ዓመት ካለፈ ወዲህ እጄን የሚይዘኝ እዚያ ሰልፍ ላይ ብቻ ነበርና፣ ያንንም ቢሆን አጥብቆ ነው የሚይዘው።

የተቀየመችው ሰላጣ የምታዘጋጀው፣ የሰላጣዋ ልጅ የምንላት ነች። አምና ለሠርጓ ብላ ጥፍሯን አሳድጋ ነበር፣ ሠርጉ ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው ባትሪው አገኘው። «ጋሼ፣ እባክዎ፣ ሳምንቱን ጓንት አድርጌ ልሥራ» አለችው። «ጓንት ይቀደዳል» አላት። «ምክንያት አይሰማም።» መቀስ አምጥታ እዚያው ቆረጠች፣ ከዚያም ሳምንቱን ድስት ስትፈትግ ሰነበተች። የሠርግ ፎቶዎቿን ያየ ሰው ሁሉ አበባ የምትወድ ይመስለዋል፤ ሁሉም ላይ እጇ ከአበባ ኋላ ነው።

እናቴ ከእኛ ሁለት ቤት አልፋ ብቻዋን ትኖራለች። ሰማንያ ልትሞላ ነው። ልትሞላ ነው የምለው ራሷ ስላለች ነው እንጂ የተወለደችበትን ቀን የሚያውቅ ሰው በሕይወት የለም። መታወቂያዋ ላይ ያለውን ቀን አንድ ጸሐፊ ከራሱ አውጥቶ የሞላው ነው፤ ስለዚህ ስትጠየቅ፣ «እሱ የጸሐፊው ልደት ነው» ትላለች።

አንድ እሑድ እኛ ቤት ምሳ ላይ ሹካዋን ወደ ግድግዳው ቀስራ፣ «የዛሬ ሦስት ወር ሰማንያ እሞላለሁ» አለች። «ያን ዕለት ያን ጊታር ትጫወትልኛለህ።»

ባሌ ማንኪያውን አስቀመጠ። የቆየ ቁስሉን የሚነካለት ሰው ሲመጣ የሚያሳየው ፊት አለው፣ እሱን አወጣ። «እማዬ፣ እኔኮ ከተውኩት ስንት ዘመኔ።»

«ማን ተው አለህ?»

እኔ የጎረስኩትን ማኘክ አቆምኩ። ባሌ እናቴን አየ፣ እኔን አየ፣ ጊታሩን አየ። «እርስዎ ነዎት እንጂ» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ ቀጭን ሆኖ።

«ብልስ? እኔ ብዙ ነገር እላለሁ» አለች እናቴ። «በይ ጨው አቀብይኝ። አሁን ፈቅጃለሁ፣ ተጫወት።»

ያን ዕለት ሳህን ሳጥብ ነገሩ ሁሉ ወለል ብሎ ታየኝ። በደንብ ከተጫወተ የሚለው ሁሉ እውነት ነበር ማለት ነው፣ እኔም ዕድሜ ልኬን አንገቴን እንደደፋሁ እቀራለሁ። ካልሆነለት ደግሞ ሃያ ምናምን ዓመት ለባዶ ነገር ነው የደፋሁት። ከሁለቱ የትኛው እንደሚብስ አላወቅሁም፣ ግን ማወቅ ፈለግሁ። ያን ያህል የፈለግሁት ነገር ከቢጫው መጋረጃ ወዲህ ትዝ አይለኝም።

ጊታሩ ወረደ። ግድግዳው ላይ ቀለሙ ያልደበዘዘ፣ ጊታር የሚያህል ቦታ ቀረ። ክሮቹ ዝገው ስለነበር ሊቃኛቸው ሲያጠብቅ አንዱ ተበጥሶ አገጩን ገረፈው። አዲስ ክር ገዛ፣ ቃኘ፣ ሶፋው ላይ ተደላድሎ ተቀመጠና፣ «እጅ አይረሳም» አለኝ።

እጁ ረስቶ ነበር። የግራ እጁ ጣቶች ሃያ ዓመት ሙሉ ከባድ ነገር ያልነኩ የተቆጣጣሪ ጣቶች ናቸው፣ ክሩን ተጭነው ብዙም ሳይቆዩ ቀልተው አበጡ። አመልካች ጣቱን አጋድሞ ስድስቱንም ክር ባንዴ መጫን ሲሞክር የሚወጣው ድምፅ የተጎተተ ወንበር ነው። ያን ዕለት እራቱን የበላው በአንድ እጁ ነው፤ ሌላኛው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነበር።

ግን ባሌ ሥራ አይንቅም፣ ይህን አልክድበትም። በነጋታው ሀ ብሎ ጀመረ። ስልኩ ላይ ቷ፣ ቷ የሚል ምት ቆጣሪ ከፍቶ፣ በእያንዳንዱ ክር ላይ አራቱን ጣት ተራ በተራ እያሳረፈ፣ ቀስ እያለ ይወጣል፣ ይወርዳል። ዜማ የለውም፤ ልምምድ ብቻ ነው። ችግሩ ጣቶቹን እንደ ወጥ ቤት ሠራተኛ መያዙ ነው። እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማዋለሁ። «አመልካች፣ ጥሩ። መሃል፣ ጥሩ። ቀለበት፣ እንቅልፍህን ጨርሰህ ና። ትንሿ፣ ይህ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያሽ ነው።»

ትንሿ ጣት አስመርራው ነበር። ስትፈለግ ወደ ላይ ተቀስራ ትቀራለች፣ ሳትፈለግ ትወርዳለች። «ሥራ አትወድም» አለኝ አንድ ቀን፣ ስለ ሰው እንደሚያወራ ሁሉ። «ታዲያ ዕቃ ማጠቢያ አውርዳት» አልኩት። አልሳቀም።

ሳምንታት ሲያልፉ የጣቶቹ ጫፍ ተላጠ፣ እንደገና ተላጠ፣ በመጨረሻ ደደረ። ጠረጴዛ ላይ ሲያንኳኳቸው ይሰማሉ። የወንበር ድምፅ የነበረው የጊታር ድምፅ ሆነ። ከዚያ አንድ ምሽት ያቺን ዜማ ጀመራት። እጄ ሊጥ ውስጥ እንዳለ ቆምኩ። ያችው ነች። ልቤ ሳላዘው የጥንቱ መስኮቴ ጋ ሄደ።

መሃል ላይ አንድ ዝላይ አለ። ግራ እጁ ከጊታሩ አንገት ጫፍ ተነስቶ ወደ ሆዱ ይዘልና ትንሿ ጣት አንዲት ቦታ ላይ ማረፍ አለባት። አላረፈችም። «እህ» አለና ከመጀመሪያው ጀመረ። ደረሰ፣ «እህ» አለ፣ ጀመረ። በየቀኑ እንዲህ ነው። መጀመሪያዋ በየቀኑ እያማረች ሄደች። ከዝላዩ ወዲያ ያለውን ግን እኛ ሳሎን ውስጥ የሰማ የለም።

ጥፋተኛ ፍለጋ ተጀመረ። መጀመሪያ ሶፋው ነበር፣ በወንበር ተተካ። ቀጥሎ ክሩ ነበር፣ በሌላ ክር ተተካ። ብርዱም ተከሰሰ፣ እኔ ሳህን ሳስቀምጥ የሚሰማው ድምፅም ተከሰሰ። በመጨረሻ እውነተኛው ተገኘ። «ዜማዋ እኮ በጥፍር ነው የምትመታው» አለኝ። «በሥጋ ስመታት እኔም አላምናትም፣ እጄም አያምናትም። ጥፍር ያስፈልገኛል።» ትንሿ ጣት ግራ እጁ ላይ እንደሆነች፣ ጥፍሩ የሚያድገው ደግሞ ቀኝ እጁ ላይ እንደሆነ አስታወስኩት። «አንቺ አይገባሽም» አለኝ።

የቀኝ እጁን ጥፍር ማሳደግ ጀመረ፤ አውራ ጣት፣ አመልካች፣ መሃልና ቀለበት። በዘይት ያሻቸዋል፣ በለስላሳ ብርጭቆ ወረቀት ይሞርዳቸዋል፣ ሲተኛ ለብቻቸው ትራስ አላቸው። ሥራ ላይ ጓንት አጠለቀ። ለሚጠይቀው ሁሉ «አለርጂ ነው» ይላል፣ ወጥ ቤቱም አዘነለት። የሾርባው ሰውዬ ከቤቱ ቅባት አመጣለት። የአስተዳደሩ ኃላፊ አንድ ጠዋት ሲያልፍ አይቶት፣ «ይህ ነው አርአያነት» አለና ተቆጣጣሪ ሁሉ ጓንት እንዲያደርግ አዘዘ፤ ከሳምንት በኋላ የመኪና ማቆሚያው ተቆጣጣሪ ሳይቀር ነጭ ጓንት ታደለው።

ባሌ በዚያ ጓንት ባትሪውን ይዞ የሰው ጥፍር ማየቱን አላቆመም። እንዲያውም ባሰበት። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ወጥ ቤት ውስጥ ሲሆን ደግሞ ሌላ ነው። እኔ ዝም አልኩ፤ የቤት ነገር ሰልፍ ላይ አላወጣም ብዬ ነው።

ለልደቱ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ አርብ ጠዋት፣ ሰልፍ ላይ ነን። ከእኔ ቀጥላ የሰላጣዋ ልጅ ቆማለች። ባሌ ባትሪውን በግራ እጁ ይዞ አውራ ጣቷ ላይ አበራ። ጥፍሯ ሥር ቢጫ ነገር ነበረ።

«ይህ ምንድን ነው?» አለና በቀኝ አመልካች ጣቱ ጠቆመ።

ጓንቱ ጫፉ ላይ ተቀዶ ነበር። በቀዳዳው ጥፍሩ ብቅ ብሏል፤ ረጅም፣ የተሞረደ፣ በዘይት የሚያብረቀርቅ፣ የሙሽራ ጥፍር። ብርሃኑም በትክክል እሱ ላይ ነው ያረፈው።

ልጅቷ ጎንበስ ብላ አየችው። አልቸኮለችም። «ካሮት ነው ጋሼ» አለች። «ይሄስ?»

ሰልፉ ሁሉ አንገቱን አሰገገ። የሾርባው ሰውዬ «በሰፈሩት ቁና…» ብሎ ጀመረና ሳል አስመሰለው። ባሌ ዞሮ እኔን አየኝ። ያን እይታ አውቀዋለሁ፤ እንግዳ ሲኖር አንገትሽን ድፊ የሚለኝ ነው። «ሐኪም ያዘዘው ነው» ብል ነገሩ እዚያው ይሞት ነበር። አላልኩም። ቀና ብዬ ቆምኩ፣ ደስ እያለኝም ነበር።

ባሌ ጓንቱን ቀስ ብሎ አወለቀ። አራቱም ታዩ። አንዲት ሴት «ወይ ጉድ» ስትል ሰማሁ። መቀስ ጠየቀ፣ የሰላጣዋ ልጅ አቀበለችው። አንድ በአንድ ቆረጣቸው፣ የብረቱ ጠረጴዛ ላይ ሲወድቁ ይሰሙ ነበር። «ሕግ ሕግ ነው» አለ። «እኔም ከሰኞ ጀምሮ ዕቃ ማጠቢያ እወርዳለሁ። ምክንያት አይሰማም።»

የሾርባው ሰውዬ ዓይኑ እንባ አቀረረ። የአስተዳደሩ ኃላፊ ሰምቶ መጥቶ እጁን ጨበጠው፣ ይህም አርአያነት ሆነ። እኔ ራሴ፣ ምን ያደርጋል፣ ኮራሁበት። ማታ ወደ ቤት ስንሄድ ግን ከኋላው ሆኜ ልብ ብዬ ሰማሁት፤ ባሌ እያፏጨ ነበር።

«አሳዘንከኝ» አልኩት ለመፈተን።

«ምን ይደረግ» አለ። ፊቱ የበራ ነው። «ጥፍር የለኝም። በዚያ ላይ ሳምንቱን ሙሉ የፈላ ውሃ ውስጥ ስዘፈዘፍ የግራ ጣቶቼ ቆዳ ተልጦ ያልቃል። ያ ሁሉ ልፋት ውሃ በላው። ለእናትሽ ንገሪያት፣ ልጫወትላት ነበር። ያኔ እሷ ከለከለችኝ፣ አሁን ደግሞ ድስት።»

ቤት እንደገባን ጊታሩን መልሶ ሰቀለው። ቀጥ ማለቱን ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ አየ፣ ትንሽ አስተካከለው። ያኔ ገባኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ የእኔ ባል ወረቀቱ አርጅቶ ሊቀደድበት ሲል አዲስ አግኝቷል። ከእንግዲህ እንግዳ ሲመጣ ታሪኩ ሁለት ክፍል ይኖረዋል፣ እኔም ሻይ እየቀዳሁ ሁለቱንም እሰማለሁ። ሻርፔን ጣል አድርጌ እናቴ ጋ ሄድኩ።

ሁሉን ነገርኳት። ጥፍሩ ጋ ስደርስ እስኪያስላት ሳቀች። ከዚያ ዓይኗን ጠራርጋ፣ «የድስቱ ውሃ መቼ ነው የሚጀምረው?» አለችኝ።

«ሰኞ።»

«ልደቴ እሑድ ነው።»

«እማዬ፣ ሦስት ሳምንት ይቀረዋል አላልሽም?»

«አንቺ ነበርሽ ስወለድ?» አለችኝ። «እኔ ነኝ የነበርኩት። ከነገ ወዲያ እሑድ ነው። ለሱም ንገሪው፣ ኬኩንም እዘዢ።»

እሑድ ሳሎናችን ውስጥ እናቴ፣ እኔ፣ ባሌ፣ የሾርባው ሰውዬ፣ እንዲሁም የሰላጣዋ ልጅ ከነባሏ ነበርን። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን የጠራሁት እኔ ነኝ። ባሌ ጊታሩን አውርዶ ጉልበቱ ላይ ካደረገ በኋላ ንግግር ጀመረ፤ ስለ ጥፍር፣ ስለ ሕግ፣ ስለተነጠቀ ጊዜ።

«ምክንያት አይሰማም ትላለህ አሉ» አለች እናቴ። «ተጫወት።»

ተጫወተ። ያለ ጥፍር ድምፁ ለስለስ ያለ ሆነ፣ ሰው ዝቅ ብሎ ሲያወራ እንደሚሰማው። መጀመሪያዋ ተአምር ነበረች፣ ወላዲተ አምላክን እውነቴን ነው። የሾርባው ሰውዬ ሹካውን ይዞ ቀረ። እኔ እንባዬ መጣ፣ ለዜማዋም ለራሴም። ዕዳዬ እውነት ነበር፣ አለቀልኝ፣ እስከ መቃብሬ ቡኒ መጋረጃ ነው እያልኩ ነበር።

ዝላዩ ጋ ደረሰ። ትንሿ ጣት አላረፈችም። «እህ» አለና ከመጀመሪያው ጀመረ። ደረሰ። «እህ» አለ። ሦስተኛውን ሊጀምር ሲል እናቴ እጇን አነሳች።

«ቁም። አሁንም እዚያችው ናት?»

«ምኗ እማዬ?»

«የምትወድቅባት ናታ። ያኔም በልጄ መስኮት ሥር ቁጭ ብለህ የምትወድቀው እዚያችው ላይ ነበር። አሁን ያልፋታል፣ አሁን ያልፋታል ስል እራቴ ይቀዘቅዛል። ተው ያልኩህ እኮ ለዚህ ነው፣ ሌላማ ምን አለብኝ። ከተውክ ወዲህ ደግሞ መጨረሻዋ ምን ይሆን እያልኩ ይኸው አረጀሁ። ሳልሰማው ልሙት?»

እኔ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ ያን መስኮት፣ ያን መጋረጃ፣ ያን ለመጨረስ እምቢ ያለ ልብ አሰብኩ። እምቢ ያለችው ትንሿ ጣት ነበረች።

«ከመጀመሪያው አትጀምር» አለች እናቴ። «ከወደቅክባት ጀምር።»

«ከመሃል አይጀመርም እማዬ።»

«ድስት ሲታጠብ የሚፈተገው ያረረበት ቦታ ነው። ነገ ታየዋለህ።»

ባሌ ደም ስሩ ግንባሩ ላይ ቆመ። ከዝላዩ ፊት ባለችው ድምፅ ጀመረ፣ በጣም ቀስ ብሎ። ወደቀ። እንደገና። ወደቀ። ትንሿን ጣት በዓይኑ እየተከተለ፣ ምንም ሳይላት፣ ሳይቆጣት ሞከረ። ስንት ጊዜ እንደሞከረ አላውቅም፣ ኬኩ ላይ ያለው ክሬም መንሸራተት ጀምሮ ነበር። ከዚያ እጁ ዘለለና ትንሿ ጣት አረፈች። ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣ፣ ክፍሉ ውስጥ ቆየ፣ ጠፋ።

ሁላችንም ጠበቅን። ባሌ ቀኝ እጁን አየር ላይ እንዳንጠለጠለ ቀረ።

«ቀጥላ» አለች እናቴ።

አልቀጠለም። ጊታሩን አየ፣ ጣቶቹን አየ። «ከዚህ በኋላ የለም» አለ።

«እንዴት የለም?»

«አልፌያት አላውቅማ። ካለፍኳት በኋላ የቀረውን እደርሰዋለሁ ብዬ ነበር።» ድምፁ የልጅ ሆኖ ነበር። «መጨረሻ የላትም።»

የሰላጣዋ ልጅ ኬኩን ትኩር ብላ ማየት ያዘች። እኔ ነኝ መጀመሪያ የሳቅሁት። ላቆም ብፈልግም አልቻልኩም። ለፍሪጁ ሳቅሁ፣ ላልሄድኩባቸው ዘመዶቼ ሳቅሁ፣ ለቀዳሁት ሻይ ሁሉ ሳቅሁ። ባሌ መጀመሪያ ሊቆጣ አፉን ከፈተ፣ ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረ፣ ባዶውን ቦታ አየ፣ ተመልሶ እኔን አየኝ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅስ መስሎኝ ደንግጬ ነበር፤ እየሳቀ ነው።

እናቴ አልሳቀችም። ጥቂት አሰበች፣ ከዚያ ኬኩ ላይ የተተከሉትን ሻማዎች ገና ሳይበሩ አንድ በአንድ ነቅላ ክሬሙን ጠረገችላቸውና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻቸው።

«እንግዲያው ሰማንያ አልሞላሁም» አለች። «ስትጨርሳት ጥራኝ። ያኔ እሞላለሁ።»

ሳምንቱን ድስት ፈተገ። እንደፈራውም የጣቶቹ ቆዳ ተላጠ፣ እንደገና ከቀዝቃዛ ውሃ ጀመረ። ግን ሳምንቱ ሲያልቅ ጊታሩ ወደ ሚስማሩ አልተመለሰም። ማታ ማታ ከዝላዩ ይነሳና ወደፊት ይሄዳል፤ መጨረሻ ይሞክርላታል፣ አይወደውም፣ ሌላ ይሞክራል። እናቴ ከሁለት ቤት ወዲያ ሆና እንዴት እንደምትሰማ እንጃ፣ አንዳንዴ ትደውልና፣ «የትናንቱ መጨረሻ ይሻል ነበር በይው» ትለኛለች። እስካሁን ሰባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሰልፍ ላይም አሁን ባትሪውን ከማብራቱ በፊት መጀመሪያ የራሱን እጅ ይዘረጋል፤ የምታየው የሰላጣዋ ልጅ ነች፣ እሷም ቶሎ አትለቀውም።

ባለፈው ቅዳሜ መጋረጃ ገዝቼ መጣሁ። ቢጫ። ሳላማክረው ነው የገዛሁት። ቡኒውን አውርጄ፣ መሰላል አምጥቼ ወጣሁ። መሰላሉ አንድ እግሩ አጭር ስለሆነ ይንገዳገዳል። ባሌ ወንበሩ ላይ ሆኖ ጊታሩን ይዞ ነበር። ቀና ብሎ ቢጫውን አየ። ፊቱ ተለወጠ። ረጋ ብሎ፣ እንደ ልማዱ፣ ወደ ግድግዳው ዞረ። ግድግዳው ላይ ሚስማሩ ብቻ ነበር።

«እኔ ጊታሬን…» አለ።

መሰላሉ ላይ ሆኜ ጠበቅሁት። ቃሉን ለማግኘት ወደ ታች ተመለከተ፤ ጊታሩ ጉልበቱ ላይ ነው።

«…ላስቀምጥና መሰላሉን ልያዝልሽ» አለኝ።